የመግነጢሳዊ መስክ አሃዶችን ከአንዱ ወደ ሌላው የመቀየር የአሠራር መመሪያ

አንድ የቋሚ ማግኔት መግለጫ ወረቀት የማግኔቱን ጽናት (ማግኔትነቱን ለማጥፋት የሚያስፈልገውን ተቃራኒ መስክ) በኪሎ ኦርስቴድ ይገልጻል፤ ስሌቱ የሚሠራበት ሶፍትዌር ቁጥሩን በኪሎ አምፔር በሜትር ይጠይቃል፤ በእጅ ያለው መለኪያ መሣሪያ ደግሞ የሚያሳየው በጋውስ ወይም በሚሊ ቴስላ ነው። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ማግኔት ቢሆንም ስለ አንድ ዓይነት መጠን ላይሆን ይችላል። አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረውም በማባዛትና በማካፈል ላይ ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በእጅ ያለው ቁጥር የየትኛው መጠን መሆኑን ሳይለዩ ወደ ስሌት በመግባት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማባዣ ቁጥሮቹ በፊት መጠኑን በመለየት ይጀምራል። ለሥራው ተራ ካልኩሌተር ይበቃል።

1ኛ ደረጃ፦ ቁጥሩ የየትኛው መጠን እንደሆነ መለየት

ሦስት መጠኖች አሉ። የመጀመሪያው በተለምዶ «ኤች» በሚባለው ምልክት የሚወከለው የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ ሲሆን፣ በሽቦ ውስጥ ከሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው፤ አሃዱ በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት አምፔር በሜትር፣ በቀድሞው የሴንቲሜትር፣ ግራምና ሰከንድ ሥርዓት ደግሞ ኦርስቴድ ነው። ሁለተኛው «ቢ» የሚባለው የመግነጢሳዊ ፍሰት ጥግግት ነው፤ በሚንቀሳቀስ ቻርጅ ላይ የሚያርፈውን ኃይልና በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚመነጨውን ቮልቴጅ የሚወስነው እርሱ ሲሆን አሃዶቹ ቴስላና ጋውስ ናቸው። ሦስተኛው «ኤም» የሚባለው የቁሱ የራሱ ማግኔታይዜሽን ነው፤ ይህ የሚኖረው በቁሱ ውስጥ ብቻ ነው፣ በአየር ውስጥ በተግባር ዜሮ ነው ማለት ይቻላል።

የዕለት ተዕለት አነጋገር እነዚህን አይለይም። ስለ አንድ የኤምአርአይ ማሽን «የመስኩ ጥንካሬ 1.5 ቴስላ ነው» ሲባል የተነገረው ስለ ቢ ነው፤ እንዲህ መባሉም ሐኪሙንም ሆነ ቴክኒሻኑን አያሳስትም። ለስሌት ግን ከስሙ ይልቅ አሃዱን ማየት ይሻላል። ቴስላ፣ ጋውስ፣ ጋማ ወይም ዌበር በካሬ ሜትር የተጻፈበት ቁጥር ቢ ነው። ኦርስቴድ፣ አምፔር በሴንቲሜትር ወይም አምፔር-ዙር በኢንች የተጻፈበት ኤች ነው። ኢኤምዩ (የቀድሞው ሥርዓት «ኤሌክትሮማግኔቲክ አሃድ» አጭር ስም) የሚል ካለበት ጉዳዩ ኤም ነው። አምፔር በሜትር ብቻ ኤችንም ኤምንም ስለሚያገለግል፣ ቁጥሩ የተጠቀሰበትን ዐረፍተ ነገር ማንበብ ግድ ይላል።

ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጥ አንድ ነገር አለ። ጋውስ ለኤች፣ ኦርስቴድ ደግሞ ለሌላ መጠን ይውሉባቸው የነበሩ ጽሑፎች አሉ፤ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ሁለቱን ለይቶ ኦርስቴድን ለኤች፣ ጋውስን ለቢ የመደበው በ1930 እ.ኤ.አ. ነውና። ከዚያ ቀደም የታተመ ሠንጠረዥ «የመስኩ ጥንካሬ 20 ጋውስ» ቢልና ነገሩ ሽቦ የፈጠረው መስክ ቢሆን፣ 20 ኦርስቴድ ብሎ መውሰድ ትክክል ነው።

2ኛ ደረጃ፦ በኤች አሃዶች መካከል መቀየር

ዋናው ግንኙነት ይህ ነው፦ 1 ኦርስቴድ = 1000 ÷ 4 ፓይ አምፔር በሜትር፣ ይህም 79.5775 አምፔር በሜትር ነው። ስለዚህ ከኦርስቴድ ወደ አምፔር በሜትር ለመሄድ በ79.5775 ያባዙ፤ ለመመለስ ለዚሁ ቁጥር ያካፍሉ፣ ወይም በ0.0125664 ያባዙ። በ«ኪሎ» ከተጻፈም ማባዣው አይለወጥም፤ 1 ኪሎ ኦርስቴድ 79.5775 ኪሎ አምፔር በሜትር ነው። ሁለቱም ወገን «ኪሎ» መያዙን ማረጋገጥ ብቻ ያሻል፤ በአንዱ ወገን ኪሎ በሌላው ወገን ተራ አሃድ ሲሆን አንድ ሺህ እጥፍ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው።

ሌሎቹ አሃዶች ቀላል ናቸው። 1 አምፔር በሴንቲሜትር 100 አምፔር በሜትር ነው። ኢንች 0.0254 ሜትር ስለሆነ 1 አምፔር-ዙር በኢንች 39.37 አምፔር በሜትር ይሆናል፤ በአንድ የቆየ የሞተር ንድፍ ሠንጠረዥ ላይ 50 አምፔር-ዙር በኢንች የሚል ቁጥር ቢገኝ 1968.5 አምፔር በሜትር፣ ማለትም 24.74 ኦርስቴድ ነው። «ዙር» የሚለው ቃል በአሃዱ ስሌት ውስጥ ምንም አይጨምርም፤ የዙሩ ብዛት ቀድሞ በፍሰቱ ላይ ተባዝቷል። ጊልበርት በሴንቲሜትር የሚል አሃድ ካጋጠመም ራሱ ኦርስቴድ ነው፣ ምንም መባዛት አያስፈልገውም።

አንድ ስሌት ከመነሻው እንሥራ። 25 ሴንቲሜትር ርዝመት ባለው ቀጭን ሶሌኖይድ (ረጅም ጥቅል ሽቦ) ላይ 400 ዙር ሽቦ ተጠምጥሟል፤ የሚያልፍበት ፍሰት 1.5 አምፔር ነው። በሶሌኖይዱ መካከል ያለው ኤች፣ የዙሩ ብዛት በፍሰቱ ተባዝቶ ለርዝመቱ ሲካፈል፣ 400 × 1.5 ÷ 0.25 = 2400 አምፔር በሜትር ነው። ወደ ኦርስቴድ ሲቀየር 2400 × 0.0125664 = 30.16 ኦርስቴድ ይሆናል። ርዝመቱ በሴንቲሜትር ገብቶ ቢሆን መልሱ 24 አምፔር በሴንቲሜትር ይሆን ነበር፤ ይህም ያው ነው፣ ግን 24ን በቀጥታ በ0.0125664 ያባዛ ሰው መቶ እጥፍ ያነሰ መልስ ይዞ ይቀራል። ቀመሩ የሚሠራው ሶሌኖይዱ ከስፋቱ ይልቅ እጅግ ረዝሞ ሲገኝ መሆኑንም ልብ ይሏል።

3ኛ ደረጃ፦ በቢ አሃዶች መካከል መቀየር

እዚህ ፓይ የለም፤ ሁሉም ነገር የዐሥር ብዜት ነው። 1 ቴስላ 10,000 ጋውስ ነው፣ 1 ሚሊ ቴስላ 10 ጋውስ፣ 1 ጋውስ ደግሞ 100 ማይክሮ ቴስላ ነው። የምድርን መስክ የሚለኩ ባለሙያዎች ቀድሞ የሚጠቀሙበት ጋማ ከናኖ ቴስላ ጋር እኩል ነው፤ 48,500 ጋማ የሚል የቆየ መዝገብ 48,500 ናኖ ቴስላ ማለት ሲሆን 48.5 ማይክሮ ቴስላ ወይም 0.485 ጋውስ ነው። በኢንች በሚሠሩ የቀድሞ የአሜሪካ የሞተር መጻሕፍት «ኪሎላይን በካሬ ኢንች» የሚል አሃድ ይገኛል፤ አንዱ 15.5 ሚሊ ቴስላ ስለሆነ፣ 100 ኪሎላይን በካሬ ኢንች 1.55 ቴስላ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ከኤች ወደ ቢ መሻገር

ብዙ ሰው «ጋውስን ወደ አምፔር በሜትር ቀይርልኝ» የሚለው ይህንን ነው። በጥብቅ ሲታይ ግን ይህ የአሃድ ቅያሪ አይደለም፤ ከአንድ መጠን ወደ ሌላ መጠን መሻገር ነው፣ ለመሻገርም መስኩ ያለው በምን ውስጥ እንደሆነ መታወቅ አለበት። በቫኪዩም ውስጥ ቢ ማለት ኤች በ1.256637 × 10⁻⁶ ሲባዛ ነው። ይህ ቁጥር የቫኪዩም ፐርሚያቢሊቲ ይባላል፤ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ በፍቺ 4 ፓይ × 10⁻⁷ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን አምፔር በአዲስ መልክ ስለተበየነ በልኬት የሚገኝ ሆኗል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከቢሊዮን አንድ ያነሰ ስለሆነ በሥራ ላይ ያለን ሰው አይመለከተውም።

አየር ከቫኪዩም የሚለየው ከሚሊዮን አንድ ባነሰ መጠን ስለሆነ ያንኑ ማባዣ መጠቀም ይቻላል። መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ፕላስቲክና ውኃም ለአብዛኛው ሥራ እንደ አየር ይቆጠራሉ። በእነዚህ ውስጥ 1 ኦርስቴድ ከ1 ጋውስ ጋር ይገጥማል፤ 1 ሚሊ ቴስላ ከ796 አምፔር በሜትር፣ 1 ቴስላ ከ796 ኪሎ አምፔር በሜትር ጋር ይገጥማል። ከላይ ያለው ሶሌኖይድ ውስጡ አየር ከሆነ 30.16 ኦርስቴዱ 30.16 ጋውስ፣ ማለትም 3.016 ሚሊ ቴስላ ይሆናል።

በአእምሮ ለመሥራት አንድ አቋራጭ አለ፦ 1 ማይክሮ ቴስላ በአየር ውስጥ 0.8 አምፔር በሜትር ያህል ነው፣ 1 አምፔር በሜትር ደግሞ 1.25 ማይክሮ ቴስላ ያህል ነው። የአቋራጩ ስሕተት ከግማሽ በመቶ እምብዛም አይዘልም። አዮን የማይፈጥር ጨረርን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የመከላከያ ኮሚሽን በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ50 ኸርዝ መስክ ለሕዝብ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ዓምድ 200 ማይክሮ ቴስላ፣ በሌላው 160 አምፔር በሜትር ተብሎ የተጻፈውም በዚህ መጠጋጋት ነው፤ በትክክል ቢሰላ 159.15 ይመጣ ነበር። ሁለቱን ዓምዶች አነጻጽሮ «አልገጠመም» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ብረት ውስጥ ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ያበቃል። 800 አምፔር በሜትር በአየር ውስጥ 1 ሚሊ ቴስላ ብቻ ነው፤ ያው 800 አምፔር በሜትር ለትራንስፎርመር በሚሠራ ጥራት ባለው የሲሊከን ብረት ውስጥ፣ በተንከባለለበት አቅጣጫ፣ ከ1.88 ቴስላ በላይ ይፈጥራል፤ ወደ ሁለት ሺህ እጥፍ የተጠጋ ማለት ነው። ይህ እጥፍ ቋሚ ቁጥር አይደለም። ኤች ሲጨምር ብረቱ ወደ ሙሌት (ከዚያ በላይ ማግኔት ሊሆን ወደማይችልበት ጣሪያ) ስለሚጠጋ እጥፉ ይቀንሳል፤ በተጨማሪም ብረቱ ቀድሞ በየት በኩል ማግኔት ሆኖ እንደነበር ይወስነዋል። ስለዚህ የብረት ኮር ላለበት ነገር ማባዣ ፍለጋ አይሂዱ፤ የብረቱን የቢና የኤች ግራፍ ከአምራቹ ያግኙና በኤች ዘንጉ ላይ ያለዎትን ዋጋ ፈልገው ቢን ከመስመሩ ላይ ያንብቡ። የግራፉ ዘንጎች በኦርስቴድና በኪሎ ጋውስ ከሆኑ፣ እያንዳንዱን ዘንግ በየራሱ ማባዣ ይቀይሩ፤ ግራፉን በአንድ ቁጥር መቀየር አይቻልም።

ስለ መለኪያ መሣሪያዎችም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የሆል ሴንሰር ያለው ጋውስሜትር የሚለካው ቢን ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ውጤቱን በአምፔር በሜትር የሚያሳይ ቁልፍ ቢኖረውም፣ ሴንሰሩ አየር ላይ ነው ብሎ ገምቶ የሚሠራው ስሌት ነው፤ ሴንሰሩ የሚቀመጠው ሁልጊዜ በአየር ክፍተት ውስጥ ስለሆነ ግምቱ ልክ ነው፣ ነገር ግን የተገኘው ኤች የክፍተቱ እንጂ የአጠገቡ ብረት አይደለም። ተለዋዋጭ መስክ የሚለኩ ከሆነም መሣሪያው የሚያሳየው አርኤምኤስ (የተለዋዋጭ መጠን ውጤታማ ዋጋ) መሆን አለመሆኑን ከመመሪያው ያረጋግጡ፤ ለሳይን ሞገድ ከፍተኛው ዋጋ የአርኤምኤሱ 1.414 እጥፍ ነው፣ ይህን ልዩነት ደግሞ የትኛውም የአሃድ ሠንጠረዥ አያስተካክለውም።

5ኛ ደረጃ፦ ማግኔታይዜሽን

ልምድ ያላቸው ሰዎችም የሚደናቀፉበት ቦታ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሥርዓቶች የሚለያዩት በአሃድ ብቻ ሳይሆን በቀመርም ጭምር ነው። በዓለም አቀፉ ሥርዓት ቢ ማለት የቫኪዩም ፐርሚያቢሊቲ በኤችና በኤም ድምር ሲባዛ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ግን ቢ ማለት ኤች ሲደመር 4 ፓይ ኤም ነው። 4 ፓይ በአንዱ ሥርዓት በኤም ላይ ተቀምጧል፣ በሌላው በቋሚ ቁጥሩ ውስጥ ተሸሽጓል። ውጤቱም ይህ ነው፦ ኤችን ለመቀየር የሚያገለግለው 79.5775 ለኤም አይሠራም። 1 ኢኤምዩ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር በትክክል 1000 አምፔር በሜትር ነው፣ ፓይ የለበትም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ጸሐፊዎች ማግኔታይዜሽንን በሁለት መልክ መጻፋቸው ነው፤ አንዱ ኤምን ራሱን በኢኤምዩ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሰጣል፣ ሌላው 4 ፓይ ኤምን በጋውስ ይሰጣል። የንጹሕ ብረትን ሙሌት እንውሰድ። በክፍል ሙቀት ኤም 1,710 ኢኤምዩ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በ1000 ሲባዛ 1.71 ሚሊዮን አምፔር በሜትር ይሆናል። ያው ብረት 4 ፓይ ኤም ተብሎ ሲጻፍ 21,500 ጋውስ ገደማ ነው፤ ይህን ወደ ቴስላ መቀየር ቀላል ነው፣ ለ10,000 አካፍሎ 2.15 ቴስላ ማለት ነው። ከጋውስ ተነሥቶ ወደ አምፔር በሜትር ለመሄድ ግን በ79.5775 ማባዛት ይገባል፦ 21,500 × 79.5775 = 1.71 ሚሊዮን። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ደርሰዋል። በመግለጫው ላይ «ኤም = 21,500 ጋውስ» ብቻ ተጽፎ ቢገኝና አንባቢው በ1000 ቢያባዛው፣ መልሱ ከ12 እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ብረት ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

በሚርገበገብ ናሙና ማግኔቶሜትር (ናሙናን እያርገበገበ ማግኔታይዜሽኑን በሚለካ መሣሪያ) የተገኘ ውጤት ብዙውን ጊዜ በኢኤምዩ በግራም ይጻፋል። ይህ በተለየ ሁኔታ ደግ አሃድ ነው፤ 1 ኢኤምዩ በግራም ከ1 አምፔር ካሬ ሜትር በኪሎግራም ጋር እኩል ስለሆነ ቁጥሩ ሳይነካ ይሻገራል። ወደ አምፔር በሜትር ለማድረስ የቁሱን እፍጋት በግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወስደው ያባዙና ውጤቱን በ1000 ያባዙ። ለብረት 218 × 7.87 × 1000 ሲሠራ ወደ 1.71 ሚሊዮን ይጠጋል። ዱቄት የሆነ ናሙና ከሆነ የሚገባው የቁሱ የራሱ እፍጋት እንጂ የተጠቀጠቀው ዱቄት እፍጋት አይደለም።

ከኤም ጋር የሚሄዱ ሁለት ቁጥሮች አሃድ ስለሌላቸው ሳይቀየሩ የሚቀሩ ይመስላል፣ ነገር ግን ይቀየራሉ። የቁሱ መግነጢሳዊ ሰሰፕቲቢሊቲ (ቁሱ በመስክ ውስጥ ምን ያህል ማግኔት እንደሚሆን የሚገልጸው ቁጥር) ከቀድሞው ሥርዓት ወደ ዓለም አቀፉ ሲሄድ በ4 ፓይ ይባዛል፤ ውኃ በአንዱ ሠንጠረዥ −0.72 × 10⁻⁶፣ በሌላው −9.0 × 10⁻⁶ የሆነው ለዚህ ነው። የናሙናው ቅርጽ የሚወስነው የዲማግኔታይዜሽን ቁጥር በአንጻሩ ከቀድሞው ሥርዓት ሲመጣ ለ4 ፓይ ይካፈላል፤ ለድቡልቡል ናሙና በዓለም አቀፉ ሥርዓት አንድ ሦስተኛ ሲሆን በቀድሞው 4.19 ነው።

6ኛ ደረጃ፦ የቋሚ ማግኔት መግለጫን መቀየርና መፈተሽ

የማግኔት መግለጫ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ አራት ቁጥሮች አሉት፦ ቀሪው የፍሰት ጥግግት፣ ቢን ዜሮ የሚያደርገው ተቃራኒ መስክ፣ የማግኔቱን የራሱን ማግኔታይዜሽን ዜሮ የሚያደርገው ተቃራኒ መስክና ከፍተኛው የኃይል ብዜት። የመጀመሪያው ቢ ነው፣ ለ10,000 ይካፈላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኤች ናቸው፣ በ79.5775 ይባዛሉ። አራተኛው የቢና የኤች ብዜት ስለሆነ የራሱ ማባዣ አለው፤ 1 ሜጋ ጋውስ ኦርስቴድ 7.9577 ኪሎ ጁል በኪዩቢክ ሜትር ነው።

ኤን42 የሚባለውን የኒዮዲሚየም ማግኔት እንውሰድ፤ 42 የተባለው በሜጋ ጋውስ ኦርስቴድ ያለው የኃይል ብዜቱ ነው። ቀሪው የፍሰት ጥግግት 13 ኪሎ ጋውስ ቢሆን 1.30 ቴስላ ነው። ሦስተኛው ቁጥር ቢያንስ 12 ኪሎ ኦርስቴድ ተብሎ ከተጻፈ 955 ኪሎ አምፔር በሜትር ይሆናል። 42 ሜጋ ጋውስ ኦርስቴድ ደግሞ 334 ኪሎ ጁል በኪዩቢክ ሜትር ነው።

የቀድሞው ሥርዓት ለመፈተሻ ያመቻል። በኪሎ ጋውስ ያለውን ቀሪ የፍሰት ጥግግት በራሱ አባዝተው ለ4 ቢያካፍሉ የኃይል ብዜቱ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ በሜጋ ጋውስ ኦርስቴድ ይገኛል፤ 13 × 13 ÷ 4 = 42.25። መግለጫው ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ከሰጠ፣ ወይ ቅያሪው ተሳስቷል ወይ ሻጩ አጋኗል። እንደዚሁም ሁለተኛው ቁጥር በኪሎ ኦርስቴድ ሲታይ በኪሎ ጋውስ ካለው ቀሪ የፍሰት ጥግግት ሊበልጥ አይችልም፤ ሦስተኛው ግን ሊበልጥ ይችላል፣ ለከፍተኛ ሙቀት በተሠሩ ማግኔቶችም በእጅጉ ይበልጣል። በማግኔቱ ፊት ላይ ጋውስሜትር ሲደገን ከ13,000 ጋውስ ብዙ ዝቅ ያለ ንባብ መምጣቱ የቅያሪ ስሕተትን አያመለክትም፤ ቀሪው የፍሰት ጥግግት የሚለካው በተዘጋ መግነጢሳዊ ዑደት ውስጥ ስለሆነ፣ ክፍት አየር ላይ ያለ ማግኔት ፊቱ ላይ ያን ያህል አይሰጥም።

7ኛ ደረጃ፦ መልሱን መፈተሽና መጻፍ

የተገኘውን ቁጥር ከታወቀ ነገር ጎን ያቁሙት። የምድር መስክ እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ ነው፤ ይህም ከ0.25 እስከ 0.65 ጋውስ፣ በአምፔር በሜትር ደግሞ ከ20 እስከ 52 ነው። 10 አምፔር የሚያልፍበት ቀጥ ያለ ረጅም ሽቦ በ5 ሴንቲሜትር ርቀት 31.8 አምፔር በሜትር፣ ማለትም 40 ማይክሮ ቴስላ ይፈጥራል፤ ከምድር መስክ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሽቦ ስሌቱ ብዙ ሚሊ ቴስላ ቢያወጣ፣ ቀመሩን ከመጠራጠርዎ በፊት «ሚሊ» ወይም «ማይክሮ» የሚለው ተሳስቶ እንዳይሆን ይመልከቱ።

መልሱን ሲጽፉ ከመነሻው ቁጥር የበለጠ አሃዝ አይጨምሩ። 12 ኪሎ ኦርስቴድ በካልኩሌተር 954.93 ኪሎ አምፔር በሜትር ቢሰጥም፣ የመነሻው ቁጥር ሁለት አሃዝ ብቻ ስለሆነ 955 ወይም በቅርብ ግምት 950 መባሉ ይበቃል፤ በመካከል ያሉትን ስሌቶች ግን ሳያጠጋጉ ይያዙ። በኤክሴል የሚሠሩ ከሆነ ማባዣውን በአንድ ሴል ብቻ፣ 1000 ÷ 4 ፓይ ተብሎ እንዲሰላ አድርገው ያስቀምጡት፤ በየመስመሩ በእጅ የተጻፈ 79.6 እና 80 ሲቀላቀል ማን የትኛውን እንደተጠቀመ ማወቅ ያስቸግራል። ከኤች ወደ ቢ ተሻግረው ያገኙት ቁጥር ከሆነም፣ ከአሃዱ አጠገብ «በአየር ውስጥ» ብለው ይጻፉበት፣ ወይም ግራፉ የተወሰደበትን የብረት ዓይነት ይጥቀሱ።